ለትልቅ ተሽከርካሪ የተሠራ ባለ ፖርት የሰብዉፈር ሳጥን፦ ችግሮቹና መፍትሔዎቻቸው

ለትልቅ ተሽከርካሪ ባለ ፖርት (አየር የሚመላለስበት ቦይ ያለው) የሰብዉፈር (የዝቅተኛ ድምፅ ማጉያ) ሳጥን ሠርተው የጠበቁትን ድምፅ ያላገኙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት አምፕሊፋየሩን፣ ቀጥሎም ሰብዉፈሩን ነው፤ ሳጥኑን የሚጠረጥሩት ሁለቱን ቀይረው ገንዘባቸው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በባለ ፖርት ሳጥን ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ሞላ፣ በፖርቱ ቦይ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በሞላው ላይ እንደተንጠለጠለ ክብደት ሆነው ይሠራሉ፤ ሁለቱ አብረው በተፈጥሯቸው የሚወዛወዙበት ድግግሞሽ የሳጥኑ ቅኝት ይባላል። ቅኝቱ ከታሰበው በጥቂት ሄርዝ ከተዛባ የትኛውም ውድ አምፕሊፋየር አያቃናውም።

ከዚህ በታች የሚነሱት ቁጥሮች እንዲጨበጡ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፤ ባለ 15 ኢንች ሁለት ሰብዉፈሮች፣ 200 ሊትር የተጣራ ይዘት (ፖርቱና ሌሎቹ ዕቃዎች የሚይዙት ቦታ ተቀንሶ የሚቀረው አየር)፣ የ34 ሄርዝ ቅኝት፣ 15 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማለትም 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ፖርት። የፖርቱን ርዝመት ለማግኘት 30,000 በአፉ ስፋት ይባዛል፤ ውጤቱም የቅኝቱ ካሬ ከተጣራው ይዘት ጋር ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። በምሳሌያችን 78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከፖርቱ ሁለት ጫፎች ውጭ ያለው አየርም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ የስፋቱ ዳግም ዘር በ0.825 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ይህም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሚቆረጠው እንጨት 58 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ከሁሉ በፊት፦ ትክክለኛውን ቅኝት መለካት

ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ መጋዝ ከማንሳት በፊት ሳጥኑ በእውነት የተቃኘበትን ድግግሞሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአምፕሊፋየሩ አንደኛው መስመር ላይ የ50 ኦም፣ የ10 ዋት ሬዚስተር ከሰብዉፈሮቹ ጋር በተከታታይ ይገጠማል፤ የአምፕሊፋየሩ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ማጥፊያ (ሰብሶኒክ ፊልተር) ከሥራ ውጭ ይደረጋል፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ተደርጎ ከስልክ የሙከራ ድምፅ ከ20 እስከ 80 ሄርዝ አንድ በአንድ ይለቀቃል። በእያንዳንዱ ሄርዝ ላይ በሰብዉፈሮቹ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ተለዋዋጭ ቮልት በመልቲሜትር ሲነበብ ሁለት ከፍታዎች ይታያሉ፤ በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ነጥብ ቅኝቱ ነው። ርካሽ መልቲሜትሮች ከ40 ሄርዝ በታች ትክክለኛውን ቮልት ላያሳዩ ይችላሉ፤ ሆኖም የሚፈለገው ሸለቆው ያለበት ቦታ እንጂ የቮልቱ መጠን ስላልሆነ ይህ ብዙም አያሳስብም።

ሬዚስተር የሌለው ሰው በዐይንና በጣት ሊለካ ይችላል። መጠነኛ ድምፅ እየተለቀቀ ድግግሞሹ ሲቀያየር ኮኑ (የሰብዉፈሩ ተንቀሳቃሽ ገጽ) ከሁሉም ይልቅ ባነሰ መጠን የሚንቀሳቀስበት፣ ከፖርቱ የሚወጣው ንፋስ ግን የሚያይልበት ነጥብ ቅኝቱ ነው። ለጀማሪ ይህ ግር ሊል ይችላል፤ ሳጥኑ በጣም በሚጮኽበት ድግግሞሽ ላይ ኮኑ ቆሞ የቀረ ይመስላል፤ ሥራውን የሚሠራው ፖርቱ ነውና።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ፖርቱ የሳጥኑን ግድግዳ እንደ አንድ ጎኑ ተጠቅሞ ሲሠራ፣ በውስጠኛው ጫፍ በኩል ያለው አየር ግድግዳውን ተከትሎ አብሮ ስለሚጓዝ ፖርቱ ከተቆረጠው እንጨት የረዘመ ያህል ይሆናል፤ የሚለካው ቅኝትም ከተሰላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከስሌቱ በአንድ ወይም በሁለት ሄርዝ ዝቅ ያለ ውጤት ቢገኝ የሥራ ስሕተት ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ኮኑ በኃይል ይርገበገባል፣ ድምፁ ግን ከእንቅስቃሴው ጋር አይመጣጠንም

ይህ ምልክት ሙዚቃው ከሳጥኑ ቅኝት በታች ወርዶ እየተጫወተ መሆኑን ይናገራል። ከቅኝቱ በታች የሳጥኑ አየር ኮኑን መግታት ያቆማል፤ ከፖርቱ የሚወጣው ሞገድም ከኮኑ ፊት ከሚወጣው ጋር ተቃራኒ ስለሚሆን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ድምፁ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) በ24 ዴሲቤል ይወድቃል። ኮኑ ባዶ አየር እንደሚቀዝፍ ሰው ይደክማል፤ ብዙም ሳይቆይ ኮይሉ ይመታል ወይም ጠርዙ ይቀደዳል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የይዘት ስሌት ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ሳጥኔ የወደቅሁት እዚሁ ላይ ነበር። 200 ሊትር የሚለውን ቁጥር ይዤ የሳጥኑን ውስጣዊ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዝቼ በትክክል 200 ሊትር አወጣሁና እንጨቱን ቆረጥሁ። ነገር ግን ፖርቱ በውስጡ የያዘው አየር 35 ሊትር ያህል ነው፤ የፖርቱ ከፋይ እንጨት 4 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ የሁለቱ ሰብዉፈሮች ማግኔትና ቅርጫት 12 ሊትር፣ ማጠናከሪያ እንጨቶቹ ደግሞ 4 ሊትር ቢወስዱ፣ በድምሩ 55 ሊትር ከሳጥኑ ላይ ይጎድላል ማለት ነው። የቀረው የተጣራ ይዘት 145 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ቅኝቱም ከ34 ወደ 40 ሄርዝ ይወጣል። 34 ሄርዝ ላይ ድንቅ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ሳጥን በዚያው ድግግሞሽ ላይ ኮኑን ሲያንገላታ ከረመ። ትክክለኛው ሳጥን ጥቅል ይዘቱ 255 ሊትር መሆን ነበረበት።

የተሠራውን ሳጥን ለማዳን የሚፈልግ ሰው ፖርቱን ማስረዘም ይቀናዋል፤ ግን የተጨመረው ርዝመት ራሱ ይዘት ስለሚበላ ቅኝቱ በሚፈለገው መጠን ሳይወርድ ቦታው ያልቃል። የተሻለው መንገድ ፖርቱን ማጥበብ ነው። በዚሁ 200 ሊትር ጥቅል ይዘት ባለው ሳጥን ውስጥ ፖርቱ 10 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 48 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የተጣራው ይዘት ወደ 160 ሊትር ይመለሳል፣ ቅኝቱም 34 ሄርዝ ላይ ያርፋል። በከፍተኛ ድምፅ ላይ ጥቂት የንፋስ ድምፅ መቀበል ግን ግድ ይሆናል።

ሳጥኑ በትክክል የተቃኘ ቢሆንም እንኳ የአምፕሊፋየሩ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ማጥፊያ መከፈት አለበት። ለ34 ሄርዝ ቅኝት ከ28 እስከ 30 ሄርዝ በታች ያለውን፣ በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል በሚቆርጥ ማጥፊያ ማስቀረት ኮኑን ይጠብቀዋል። ይህን ቁልፍ «ቤዙን ይቀንሳል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ የሚቀንሰው ግን የማይሰማውን ድካም ነው።

በትንሽ መኪና ውስጥ ያስተጋባው ሳጥን በትልቁ ውስጥ ደከመ

ሳጥኑ ያው፣ አምፕሊፋየሩ ያው፣ ተሽከርካሪው ብቻ ተቀይሮ ቤዙ ግማሹ የጠፋ መስሎ ከተሰማ ምክንያቱ ተሽከርካሪው ራሱ ነው። የተዘጋ ካቢን የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከረጅሙ ጎኑ ሲበልጥ ዝቅተኛ ድምፆችን ማጉላት ይጀምራል። ውስጡ 2.5 ሜትር ርዝመት ባለው መኪና ይህ ከ69 ሄርዝ ገደማ ጀምሮ ወደ ታች ይሠራል፤ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ግን ከ43 ሄርዝ በታች ብቻ ነው። በንድፈ ሐሳብ ጭማሪው በየኦክታቩ እስከ 12 ዴሲቤል ስለሚደርስ፣ በ34 ሄርዝ ላይ ትንሹ መኪና 12 ዴሲቤል ሲቸር ትልቁ የሚቸረው 4 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። በተግባር በሮች ስለሚያፈሱና ጣሪያ ስለሚለጠጥ ልዩነቱ ይጠባል፤ ነገር ግን 8 ዴሲቤልን በአምፕሊፋየር ብቻ ለመመለስ ከ6 እጥፍ በላይ ኃይል እንደሚያስፈልግ ማሰብ ይጠቅማል።

ስለዚህ የትልቅ ተሽከርካሪ መፍትሔ ዋቱን ማሳደግ ሳይሆን የሚንቀሳቀሰውን አየር ማብዛት ነው። የሰብዉፈሮቹን ጠቅላላ የኮን ስፋት መጨመር፣ ሳጥኑን በልግስና ማስፋት፣ ፖርቱንም ከዚያው ጋር ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ተሽከርካሪ ደግሞ ከምንም በላይ ያለው ነገር ቦታ ነው። ለአጠቃላይ ሙዚቃ ከ30 እስከ 36 ሄርዝ ያለው ቅኝት ይስማማል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ሄርዝ ላይ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ከ30 በታች መውረድ ብዙ ይዘት የሚያስከፍል፣ ጥቂት ሙዚቃ ብቻ የሚጠይቀው ቅንጦት ነው።

ሾፌሩና የኋላ ተሳፋሪው ይሰማሉ፣ መካከለኛው ወንበር ላይ ግን ቤዝ የለም

ይህ በትንሽ መኪና እምብዛም የማይታይ፣ በረጅም ተሽከርካሪ ግን የተለመደ ችግር ነው። 4 ሜትር ርዝመት ባለው ካቢን ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ እየተመለሰ የቆመ ሞገድ ይሠራል፤ ግፊቱ በሁለቱ ጫፎች ይበረታል፣ በመካከል ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። መካከሉ ላይ የተቀመጠ ሰው ከ40 እስከ 46 ሄርዝ ያለውን ድምፅ አያገኝም። ኢኩዋላይዘሩ ላይ ያንን ድግግሞሽ ከፍ ማድረግ ከንቱ ነው፤ የሚጨመረው ኃይል ሁሉ እዚያው ተጠፋፍቶ ጫፎቹን ብቻ ያደነቁራል። የሚሠራው ሳጥኑን ከኋላ ግድግዳ ወደ ተሽከርካሪው ወገብ ማቅረብ ነው፤ ወይም ሥራውን በሁለት ሳጥኖች ከፍሎ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ማስቀመጥ ነው።

የኋላ በር ሲከፈት ድምፁ ይጨምራል

በሩ ተከፍቶ ከተዘጋው ይልቅ የሚጮኽ ከሆነ በመጀመሪያ የፖርቱ አፍ የሚያየው ነገር ይመርመር። አፉ ከበሩ ወይም ከወንበር ጀርባ ጋር ተጠግቶ ከሆነ በአፉና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት የፖርቱ ቅጥያ ይሆናል፤ ቅኝቱን ያወርዳል፣ አየሩንም ያንቃል። ቢያንስ የፖርቱን ጠባብ ወርድ ያህል፣ በምሳሌያችን 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍት ቦታ መተው ያስፈልጋል። ይኸው ሕግ ለፖርቱ ውስጠኛ ጫፍም ይሠራል፤ ይሁንና ከሳጥኑ ኋላ ግድግዳ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያልቁ ፖርቶችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቦታው ከተስተካከለ በኋላም ችግሩ ካለ ሳጥኑ ሳይታሰር በ10 ሴንቲ ሜትር እርምጃ እየተገፋ፣ ፊቱም ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን እየዞረ ይሞከር። የ34 ሄርዝ ሞገድ 10 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣውና ከኋላ በር ተመልሶ የሚመጣው ሲገናኙ መደጋገፋቸውን ወይም መጠፋፋታቸውን የሚወስነው አቀማመጡ ነው። ይህ ግማሽ ቀን የሚወስድ አሰልቺ ሥራ ቢሆንም ያለ ወጪ ጥቂት ዴሲቤል የሚገኝበት ነው።

ፖርቱ ያፏጫል፣ ይተነፍሳል

በፖርቱ ውስጥ የሚመላለሰው አየር በጣም ሲፈጥን ይበጣበጣል፤ ንፋሱም ከቤዙ በላይ መሰማት ይጀምራል። ለቤት ድምፅ ብዙዎች በሰከንድ 17 ሜትርን እንደ ጣሪያ ይይዛሉ፤ ሞተርና መንገድ በሚጮኹበት ተሽከርካሪ ውስጥ እስከ 30 ሜትር መታገሥ ይቻላል። ለከፍተኛ ድምፅ የሚሠራ ሰው በእያንዳንዱ የተጣራ ሊትር ከ2.7 እስከ 3.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የፖርት አፍ ቢመድብ አይጸጸትም። ሁለት ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦዎች በድምሩ የሚሰጡት 157 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ማስላት፣ በ200 ሊትር ሳጥን ላይ ለምን እንደሚያፏጩ ወዲያው ይገልጣል።

አፉን ማስፋት ግን ብቻውን አይሆንም፤ ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ ቅኝቱ እንዳይወጣ ርዝመቱም በዚያው መጠን ማደግ አለበት። ፖርቱ ከሳጥኑ ቢረዝም ማጠፍ ይፈቀዳል፤ ርዝመቱ የሚለካው በቦዩ መካከለኛ መስመር ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱንም የፖርት ጫፎች በራውተር (የእንጨት ጠርዝ መፋቂያ መሣሪያ) ማክበብ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይሞከር፤ የሾለ የእንጨት ጠርዝ አየሩን ይቆርጠዋል። እንደ ስንጥቅ የቀጠነ ፖርትም ስፋቱ በወረቀት ላይ ቢበቃ እንኳ በግድግዳ ፍትጊያ ኃይል ያባክናል።

አንድ ኖታ ብቻ ይጮኻል

ማንኛውም ዘፈን ሲገባ ያው «ዱም» የሚል ድምፅ ብቻ ከወጣ በመጀመሪያ የአምፕሊፋየሩ የቤዝ ማጉያ ቁልፍ ወደ ዜሮ ይመለስ። በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ ቁልፍ 45 ሄርዝን ነጥሎ የሚያጎላ ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ቅኝትና የካቢኑ የራሱ ጉልበት ሲደመሩበት ሦስት ጉብታዎች አንድ ቦታ ላይ ይቆለላሉ። ከዚያ በኋላም ካልጠፋ ሳጥኑ ለሰብዉፈሩ ከሚገባው በላይ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ይዘቱን በታሸገ እንጨት መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን 200 ሊትር ወደ 170 ሲወርድ ቅኝቱ ከ34 ወደ 37 ሄርዝ ስለሚወጣ ፖርቱ አብሮ መርዘም አለበት።

ሁለት ሰብዉፈሮች ተገጥመው ቤዙ ከአንዱም ያነሰ ከሆነ ደግሞ የሽቦ አቅጣጫ ይመርመር። አምፕሊፋየሩ ተነቅሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ከሰብዉፈሮቹ ፖዘቲቭ ጋር ሲነካካ ሁለቱም ኮኖች ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል።

ድምፁ ሲያይል መብራቱ ይደበዝዛል፣ አምፕሊፋየሩ ይዘጋል

2,000 ዋት የሚያወጣ፣ ብቃቱ 80 በመቶ የሆነ አምፕሊፋየር በ13.5 ቮልት 185 አምፔር ይስባል። በረጅም ተሽከርካሪ ከባትሪው እስከ ሳጥኑ 6 ሜትር ከሆነ፣ ደርሶ መልሱ 12 ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው 53 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ በመንገድ ላይ 0.7 ቮልት ይጠፋል፤ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 1.8 ቮልት። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የመቋቋም አቅሙ ከመዳብ በ1.6 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ውፍረቱ ብቻ አያታልል። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት።

ብዙ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ12 ቮልት አምፕሊፋየርን በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው፤ ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል 12 ቮልት መቀንጠስም አንዱን ባትሪ እያራቆተ ሌላውን ከልክ በላይ ያስሞላል። ኃይሉን የሚችል የቮልት ማውረጃ መግጠም ብቻ ነው ትክክሉ።

ሳጥኑ ውስጥ የገባ ባለ 1 ኦም ሰብዉፈር በሥራ ላይ 3 ኦም ሊሆን እንደሚችል፣ ኃይሉም በዚያው መጠን እንደሚቀንስ የተረዱ አንዳንድ ሰዎች አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው ኦም በታች ያገናኛሉ። በቅኝቱ ድግግሞሽ ላይ ግን ኦሙ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳል፤ የሚያቃጥለውም ያ ቅጽበት ነው።

ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ጩኸት አለ

በከፍተኛ ድምፅ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት 160 ዴሲቤል ከደረሰ፣ ይህ 2,000 ፓስካል ነው። 60 በ100 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ ጎን ላይ 1,200 ኒውተን፣ ማለትም 120 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት፣ በሰከንድ 34 ጊዜ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይገፋል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ያለ ማጠናከሪያ ይህን አይችልም፤ ተለጥጦ የሚበላው ጉልበት ከድምፁ የሚቀነስ ነው። በየ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትሩ ተቃራኒ ጎኖችን የሚያያይዝ እንጨት ይግባ፤ ሰብዉፈሩ የሚታሰርበት ፊት ሁለት ንብርብር ይሁን። የአየር ማፍሰሻውን ለማግኘት 30 ሄርዝ አካባቢ እያጫወቱ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀጭን ወረቀት ማሳለፍ ይበቃል። ሲሊኮን ከተቀባ ሰብዉፈሩ ከመግባቱ በፊት ለ24 ሰዓት ይድረቅ፤ ሲደርቅ የሚያወጣው እንፋሎት የኮኑን ሙጫና ጎማ ሊጎዳ ይችላል።

ሳጥኑ ጸጥ ብሎ ተሽከርካሪው ከጮኸ ታርጋው፣ የኋላ በሩ መቆለፊያና የጣሪያው ሽፋን በቅደም ተከተል በእጅ እየተጫኑ ይፈተሹ። የትልቅ ተሽከርካሪ ሰፊና ጠፍጣፋ ጣሪያ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከሥሩ የቡቲል ንጣፍ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ተሻጋሪ ብረት ቢጨመርበት ይጠነክራል።

በመጨረሻም ሁለት ባለ 15 ኢንች ሰብዉፈር የያዘ ባለ 255 ሊትር ሳጥን በቀላሉ ከ70 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ፣ ቦታውና ቅኝቱ እንደተረጋገጠ በብሎን ከተሽከርካሪው ወለል ብረት ጋር ይታሰር። ወለሉ ከመበሳቱ በፊት ከሥሩ የነዳጅ መስመር፣ የፍሬን ቱቦ ወይም ሽቦ አለመኖሩ ይታይ።